የተሰበሰበው ጃኬት

ጃኬቱን ከገመዱ ላይ ሳወርደው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ለቅሶው ቆይቶ ነው። ማታ ያጠብኩት የእኔን ልክ ነበር። ጠዋት የተሰቀለው ግን የእህቴ ልጅ ልብስ ይመስላል። እጅጌው ከአንጓዬ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። የፊቱ ጥለት ደግሞ ጭራሽ አላጠረም። ጨርቁ ሲሰበሰብ እሱ እንደነበረ ቀረና እንደ ሰላጣ ቅጠል ተንጨፋረረ። ብብቱ ጋ ክሩ አልተበጠሰም። ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ ሾልኮ ወጥቶ፣ ማጉ ብቻውን ተንጠልጥሏል።

ግንቦት መጀመሪያ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬን ለማቅረብ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል።

የዚያን ጃኬት ነገር ከነዝርዝሩ ልጽፈው ነው። የተማርኩበትን ቦታ፣ መምህሬንም ሆነ ሸማኔውን በስም አልጠራም። ጥፋቱ አብዛኛው የራሴ ስለሆነ መጠቆሙም አያስፈልግም።

ከፖስታ ካርድ ወደ ባቲ

ፋሽን ዲዛይን የተማርኩት ኮምቦልቻ ነው። ቤታችን ደሴ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት ያሳለፍኩት ሁለቱን በሚያገናኘው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ የጨርቅ ከረጢት ይዤ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ላይ ብርድና ጉም፣ ታች ሙቀት። ጠዋት ጋቢ ለብሼ ወርጄ፣ እኩለ ቀን ላይ ጋቢው ሸክም ይሆንብኛል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አንድ ስብስብ ያወጣል። እኛ ኮሌክሽን ነው የምንለው። ስድስት ልብስ ነው። ስድስት ልብስ መስፋት ብቻውን ከባድ አይደለም፤ ሰፈራችን ያለ ማንኛውም ልብስ ሰፊ በሳምንት ይጨርሰዋል። ከባዱ ስድስቱን የአንድ እናት ልጆች ማስመሰል ነው። መንታ መሆን የለባቸውም። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ዝምድናቸው መታየት አለበት።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ላሊበላ ነበር። አትሳቁ። ክላሳችን ውስጥ ላሊበላን የመረጥነው አራት ነበርን። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ የተነሳ ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። መስቀሉን በቀሚስ ጀርባ ላይ ሳልኩ። የድንጋዩን ቀለም ከክር ጋር አመሳሰልኩ። መምህሬ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ይሄን ለብሶ ማን ነው የት የሚሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። «ቱሪስት» ብዬ ልመልስ ነበር፤ እግዜር አፌን ያዘልኝ።

ባቲ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥር ላይ። የአያቴ ዘመዶች እዚያ አካባቢ አሉ። ባቲ ስል ብዙ ሰው መጀመሪያ ቅኝቱን ነው የሚያስበው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በከተማዋ ስም ነው የሚጠራው፤ አምባሰልም የዚሁ የወሎ ልጅ ነው። እኔ ግን ለሰኞ ገበያው ነው የሄድኩት። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋው እህል ይወርዳል፣ ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል ይመጣል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። በሦስት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከር ነጋዴ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም።

አንዲት ማሽላ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉፍታዋን አስራ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች። ፀሐይ ሲከርር ነጠላውን አራት አጥፋ አናቷ ላይ አደረገችው። ትንሽ ቆይታ አወረደችውና ዘርግታ፣ የተኛ ልጇን ሸፈነችበት። ገበያው ሊበተን ሲል ያንኑ ጨርቅ ጠቅልላ ቀለበት አደረገችው፤ በላዩ ላይ እቃዋን ተሸከመች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንድ ጨርቅ፣ አራት ሥራ፣ መቀስ አልነካውም።»

ደብተሩ አሁንም አለ። ዓረፍተ ነገሩ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ጥር ላይ መልሱን በእጄ ይዤ፣ እስከ ግንቦት ድረስ ረስቼው ዞርኩ።

ሸማኔው ጋ

የካቲትን በስኬች ጨረስኩት። ሐሳቡ «የባቲ ሰኞ» ሆነ። ስዕሎቹን ዛሬ ሳያቸው ግን ከገበያው የወሰድኩት ቀለሙን ብቻ ነው። ጥቁር፣ የበሰለ ማሽላ ቀይ፣ ትንሽ ብርቱካን። ቅርጹ በሙሉ ከመጽሔት የመጣ ነው። ወገቡ የተጣበቀ ጃኬት፣ በሰያፍ የተቆረጠ እጅጌ፣ ጥለቱ ደረት ላይ በአግድም ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ።

መጋቢት ላይ ደሴ አንድ የታወቁ ሸማኔ ጋ ሄድኩ። በእድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ከቤታቸው በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ በእግራቸው እየረገጡ በእጃቸው መወርወሪያውን ይሰዳሉ። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሽመና እቃቸውን ፈታተው ከማገዶ ጋር ደባልቀውት እንደነበር አጫወቱኝ። «ማገዶ ማን ይሰርቃል ብዬ» አሉ።

ስኬቹን አሳየኋቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። የጃኬቱ ቁርጥ ግድ አልሰጣቸውም። ጣታቸውን ጥለቱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ለምን እዚህ መጣ?»

«ዲዛይኑ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥለት ጫፍ ነው ልጄ። ጨርቁ የሚያልቅበት ነው።»

እኔም አስረዳሁ። ዘመናዊ ነው፣ ጨርቁን አዙረን እንቆርጠዋለን፣ ምናምን። አልተከራከሩኝም። ስንት ሜትር እንደምፈልግ ጠየቁ። 24 ሜትር አልኩ። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል አሉ፤ ክንዳቸው ከሚደርስበት በላይ መወርወሪያ መስደድ አይቻልምና። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ የምቆርጠው የፋብሪካ ጨርቅ ወርዱ 150 ነው። ያኔ ይህ ቁጥር ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

ሜትሩን በ450 ብር ተስማማን። 10,800 ብር። የእናቴ እቁብ የወጣላት ያን ወር ነው፤ ሌላ አልጨምርበትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ አልኩ። ለጥለቱ የሚሆነውን ክር ራሴ ገዝቼ አመጣሁ። እሳቸው ያላቸው የጥጥ ክር ቀለሙ ደብዛዛ መሰለኝ። እኔ ሱቅ ያገኘሁት ያብለጨልጫል፤ ቀዩ ከሩቅ ይጠራል። ሻጩ «ጥጥ ነው፣ አንደኛ» ብሎኛል። ጋሼ ክሩን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት። «ይንሸራተታል» አሉ። ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ ላይ ጨርቁን ልወስድ ስሄድ ተናደድኩ። የመጀመሪያው ሰባት ሜትር በእኔ ክር የተጠለፈ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 17 ሜትር ግን ጥለቱ ደብዝዟል።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ ቀየሩት?»

«ክርሽ አለቀ። ስልክሽ አልነሳ አለ። ድሩ ደግሞ ተደርቶ አይጠብቅም። አብሽሪ፣ ይሄም ያምራል።»

ወሎ ውስጥ «አብሽሪ» ከተባልሽ በኋላ መጣላት አይቻልም። ከፈልኩ፣ ተሸክሜ ሄድኩ። ሐረጎን ስወርድ ግን ሆዴ እንዳረረ ነበር። ስድስቱ ልብሶች የአንድ እናት ልጆች ሊመስሉ፣ ጥለታቸው ሁለት ዓይነት ሆነ ብዬ።

ምን እንደሳትኩ

ጃኬቱን የሠራሁት ከመጀመሪያው ሰባት ሜትር ነው፤ ከሚያብለጨልጨው። አንድ ሱሪም ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ በአቡጀዴ ሰፍቼ ልኩን አስተካከልኩ። አቡጀዴው ላይ ቆንጆ ሆነ። ያንን ቅርጽ ወረቀት ይዤ የሸማኔውን ጨርቅ ቆረጥኩ። ሰፋሁት፣ ተኮስኩት፣ ለበስኩት፤ ፎቶ ተነሳሁ። ከዚያ ኖራ ስለነካው አጠብኩት። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ያን ሳምንት ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ሁለት ነገር ሞከርን።

አንደኛው፣ ከቀረው ጨርቅ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን በሙቅ ውሃ ነከርነው። ሲደርቅ በድሩ በኩል 18 ተኩል ሳይሞላ ቀረ። በማጉ በኩል 19 ገደማ ሆነ። የፋብሪካውን አቡጀዴም እንዲሁ አደረግነው፤ ሊንቀሳቀስ ቢል እንኳ በዓይን አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሸማኔው ሲሠራ ድሩ ተወጥሮ ነው። ጨርቁ ከእቃው ሲወርድ ውጥረቱን ይዞ ይወርዳል። ውሃ ሲነካው ጥጡ ያብጣል፣ ይፈታል፣ ወደ ራሱ ይመለሳል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ጨርቁ ገና ሳይወጣ አጥቦና አሰባስቦ የሚጨርስለት ክፍል አለ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተባት ከተማ። ሦስት ዓመት የቆረጥኩት ሁሉ ሌላ ሰው ቀድሞ ያጠበልኝን ጨርቅ ነበር። «አጥበሽ ቁረጪ» የሚለው የእናቴ ምክር የድሮ ሰው ጭንቀት ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ የክሩ ነው። ሻማ ለኮስን። ከጋሼ የጥጥ ክር አንድ ዘለላ አስጠጋን። እንደ ወረቀት ቦግ አለ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፣ በጣት ሲነኩት ግራጫ አመድ ሆኖ ረገፈ። ከዚያ የእኔን። ገና እሳቱ ሳይነካው ሸሸ፣ ተኮማተረ፣ ቀለጠ። ጫፉ ላይ እንደ ቃሪያ ፍሬ የምታክል ጥቁር ጠጣር ነገር ቀረች። ሽታው የተቃጠለ ፌስታል ነው።

ፕላስቲክ። ለአንደኛ ጥጥ የተከፈለበት ፕላስቲክ። ፕላስቲክ ደግሞ በሙቅ ውሃ እንደ ጥጥ አይሰበሰብም። ስለዚህ ጨርቁ አምስት ሳንቲ ሜትር ሲገባ ጥለቱ ባለበት ቆመ፤ የሚሄድበት ሲያጣ ተንጨፋረረ።

የብብቱ ጉዳይ ከሁለቱም የተለየ ነው። የሸማኔ ጨርቅ ልል ነው፤ ውበቱም እሱ ነው። በቀጥታ ሲቆረጥ እንኳ ጠርዙ ይረግፋል። እኔ በሰያፍ ቆርጬ፣ ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ትቼ፣ ክንድ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ወጥሬ ሰፋሁት። ክሩ ጠንካራ ነበር። የሚይዘው ነገር ነው ያጣው።

እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። ሦስቱም ቦታ ላይ ጨርቁን ያልሆነውን ሁን ብዬዋለሁ። ወርዱ ጠባብ ነው፤ እኔ ለሰፊ ጨርቅ የተሠራ ቅርጽ ጫንኩበት። ጫፉ ጥለት ነው፤ እኔ መሃል አደረግኩት። ጠርዙ በሸማኔው እጅ ተዘግቶ የመጣ ነው፤ የማይረግፍ፣ ምንም ማሽን የማይፈልግ። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያንን ጠርዝ ቆርጬ መጣል ነበር። ሲጀመር ሰልፌጅ፣ ማለትም ይህ የተዘጋ ጠርዝ፣ ይቆረጣል ተብለን ነው የተማርነው፤ ለፋብሪካ ጨርቅ ልክ ነው።

የጥር ወሩን ደብተር ያወጣሁት ያኔ ነው።

አምስት ሳምንት

የቀረኝ ያ የተናደድኩበት 17 ሜትር ነበር፤ የጋሼ የጥጥ ጥለት ያለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን አጠብኩት። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጠረችልኝ። ጎረቤት «ሰርግ አለ እንዴ?» ብላ መጣች። ሲደርቅ 15 ሜትር ከ60 ሆነ። ወርዱ 75። ጥለቱም ከጨርቁ ጋር እኩል ገብቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ደብዛዛ ያልኩት ቀይ ከታጠበ በኋላ የባቲ ማሽላ መሰለ። ለጋሼ መደወል አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የቅርጽ ወረቀት አልነካሁም። ወለሉ ላይ ጨርቁን ዘርግቼ በማጠፍ ጀመርኩ። 75 ሳንቲ ሜትር የሰው ትከሻ ላይ ሲጣል የት ይደርሳል? ከክርን ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲያው እጅጌ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ጨርቁ ራሱ ግማሽ እጅጌ ነው። ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ሲሰፋ ጀርባ ይሆናል። ስፌቱ ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ነው፤ ስለማይረግፍ ኦቨርሎክ፣ ጠርዝ እንዳይረግፍ የሚይዘው የማሽን ስፌት፣ አያስፈልገውም። ብብት ጋ የሚወጥረውን ለማላላት አራት ማዕዘን ቁራጭ ገባበት፤ ክንድ ሲነሳ የሚከፈት።

የመጀመሪያው ልብስ ካፖርት ሆነ። ከሦስት ረጃጅም ቁራጭ ብቻ የተሠራ። የመቀሱ ሥራ ጨርቁን በርዝመቱ መክፈልና የአንገቱን ቀዳዳ መክፈት ብቻ ነበር። ጥለቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት ጨርቁ የሚያልቅበት። የካፖርቱ ግርጌ ላይ፣ የእጁ መጨረሻ ላይ። ወገቡ በመቀስ ሳይሆን በመቀነት ጠበበ። ይህ ደግሞ ያላሰብኩትን ችግር ፈታልኝ። ሞዴል ሊሆኑልኝ የተስማሙት የክላስ ልጆች ቁመታቸውም ውፍረታቸውም የተለያየ ነው። ድሮ ለእያንዳንዷ ልክ ስወስድ፣ ስፈታ፣ ስሰፋ እኖር ነበር። አሁን መቀነቱን ላላ ወይም ጠበቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀላል ሆኑ። አራተኛው ላይ ያቺ ማሽላ የምትሸጠው ሴት ተመለሰች። ልብሱ ትከሻ ላይ የሚጣል ቁራጭ አለው፤ ሲታጠፍ ጉፍታ ይሆናል፣ ሲፈታ መደረቢያ። ሞዴሏ መድረክ ላይ እየሄደች ታጥፈዋለች። እስክትለምደው ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ አስመላለስኳት። «እኔ ሸማኔ ነኝ ወይስ ሞዴል?» እያለች።

አምስተኛው ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው። ከአምስቱ ደካማው እሱ ነው። ሽንሽኑ ለእንዲህ ዓይነት ልል ጨርቅ ሲበዛ ወገብ ላይ ትራስ ያስራል። ገብቶኛል፤ ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ስድስተኛ አልነበረም። ጨርቁ ሰባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ተርፎ አለቀ። ጓደኞቼ «ያን የተጨማደደውን ጃኬት አቅርቢው፣ ዲዛይን ነው በያቸው፣ ማን ያውቃል?» አሉኝ። አንድ ማታ ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አልዋሽም። ሰው ሊወደውም ይችላል። ግን ዝምድናው የለም። አምስቱ አጠገብ ሲቆም ከሌላ ቤት የመጣ ልጅ ነው።

ሰኔ

አቀራረቡ ላይ አምስት ልብስ አሳየሁ። ስድስተኛው የት አለ ተባልኩ። ተበላሸብኝ አልኩ፤ እንዴት እንደተበላሸ ተናገርኩ፤ የተቃጠለውን ክርና የታጠቡትን ሁለት ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። ነጥብ ተቀነሰብኝ። ትክክል ነው፤ ሥራው ስድስት ነበር። አንዱ ገምጋሚ ካፖርቱን ገልብጦ ውስጡን ሲያይ ቆየ። «ኦቨርሎክ የታለ?» አለ። ጠርዙን አሳየሁት። በጥፍሩ ሊተረትረው ሞከረ፤ እንቢ አለው። መምህሬ ደግሞ የላሊበላውን ጊዜ ጥያቄዋን አልረሳችም። «ይሄንንስ ለብሶ ማን የት ይሄዳል?» አለችኝ። እናቴ ብርድ ሲሆን ቡና ስታፈላ ትለብሰዋለች አልኩ። ሳቁ። እውነቴን ነበር፤ አንዱን አስቀድማ ወስዳለች።

ሐምሌ ላይ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ካፖርቱን አሳየኋቸው። ያን የተሰበሰበውን ጃኬትም ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ካፖርቱን አንዴ አገላብጠው «ጥሩ ነው» ብለው አስቀመጡት። ጃኬቱን ግን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። መነጽራቸውን አደረጉ። ጥለቱ ጨርቁ ላይ የተደረበ ማግ ነው፤ ቢወጣም ጨርቁ አይፈርስም። አንዷን የምታብለጨልጭ ክር በጥፍራቸው ጫፍ ያዙና ቀስ ብለው ሳቧት። ወጣች። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። አሥራ ምናምን ክር ከወጣ በኋላ ያ እንደ ሰላጣ የተንጨፋረረው ጠርዝ ጭናቸው ላይ ቀስ እያለ ተኛ።

የወጡትን ክሮች ጠቅልለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይሄን መልሺለት» አሉኝ፤ «ለሸጠልሽ ሰውዬ።»